ዝናብ ሲበዛ የውኃ ዳር ወፎች የት ይሄዳሉ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)





ክረምት በገባ ቁጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» እንባባላለን። የምንጠይቀው ስለ ማሽላው፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ከብቶቻችን ሣር ነው። ከተማ የምንኖረው ደግሞ ስለ ጎርፉና ስለ ቧንቧው ውኃ እንጠይቃለን። መጠየቃችን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ራህመት ተካፋዮች እኛ ብቻ አይደለንም። በዚያው ዝናብ ሪዝቁ የሚሰፋለት ወይም የሚጠብበት ሌላ ፍጡር ብዙ ነው። ዛሬ ከእነዚህ መካከል ሐይቅ ዳር ስናልፍ እያየናቸው ልብ ስለማንላቸው ወፎች እንነጋገራለን። በሐይቅ ዳርቻ ጭቃ ላይ እየተሯሯጡ መሬቱን በመንቁራቸው የሚወጉት እነዚያ ትናንሽ ወፎች ናቸው። ለዛሬው ንግግራችን «የውኃ ዳር ወፎች» እንበላቸው።

ከእነዚህ ወፎች ገሚሶቹ የአገራችን ነዋሪዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ይኖራሉ፣ እዚሁ ይፈለፍላሉ። ገሚሶቹ ግን እንግዶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ሊትል ስቲንት የምትባለውን እንውሰድ። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያህል መሆኑ ነው። ይህች ወፍ የምትፈለፍለው በሰሜን ኖርዌይና በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በረዶው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ በሚቀልጥበት ምድር ነው። አጭሩ በጋ ሲያልቅ ጫጩቶቿም እናቶቹም ወደ ደቡብ ይነሳሉ። ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይደርሳሉ። ሚያዝያ አካባቢ ደግሞ ተመልሰው ይሄዳሉ። ሱብሐነላህ! ከጭብጥ የማትበልጥ ፍጡር በየዓመቱ ይህን መንገድ ትመላለሳለች።

ታዲያ ይህች እንግዳ ስትደርስ ምን ትፈልጋለች? ብዙዎቻችን «የውኃ ወፍ ናት፤ ስለዚህ ውኃ ትፈልጋለች፤ ውኃው በበዛ መጠን ደስ ይላታል» ብለን እናስብ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ዋና ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው።

የውኃ ዳር ወፎች እንደ ዳክዬ እየዋኙ፣ እንደ ሌሎችም እየጠለቁ ምግባቸውን አይፈልጉም። በእግራቸው ቆመው፣ በመንቁራቸው እየወጉ ነው የሚበሉት። በመሆኑም የሪዝቃቸው መለኪያ የእግራቸው ርዝመት ነው ማለት ይቻላል። እንደ ሊትል ስቲንት ያሉት ትናንሾቹ ጥልቀቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ወይም ገና ባልደረቀ ጭቃ ላይ ነው የሚመገቡት። መካከለኞቹ እስከ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይገባሉ። ቀይና ረጃጅም እግር ያላቸው፣ ጥቁርና ነጭ ላባ የለበሱት ደግሞ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊደርሱ ይችላሉ። ከዚያ ያለፈው ውኃ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ለእነርሱ የተዘጋ በር ነው። እኛ ሐይቅ ስንል መካከሉን፣ ጀልባ የሚሄድበትን እናስባለን። ለእነዚህ ወፎች ግን ሐይቅ ማለት ጠርዙ ነው። ውኃና መሬት የሚገናኙባት ያቺ ጠባብ ጭቃማ መስመር ማዕዳቸው ናት።

በዚያች ጭቃ ውስጥ ምን አለ? እኛ ጫማችንን እንዳያቆሽሽ የምንሸሸው ጭቃ በሕይወት የተሞላ ነው። የትንኝ ዓይነት ነፍሳት እጮች፣ ትላትሎች፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውኃ ነፍሳት ሁሉ አሉበት። ከሩቅ አገር የመጣችው ወፍ የምትወፍረው፣ ለመልሱ ጉዞ የሚሆናትን ስብ የምታጠራቅመው ከዚህ ነው። ጭቃው ውኃ ሲያጣ ይጠነክራል፣ መንቁር አይገባበትም። ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ከእግሯ ርዝመት በታች ይሰምጣል። የምትፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ከባድ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። አብዛኞቹ የእነዚህ ወፎች መመገቢያ ቦታዎች እጅግ ለጥ ያሉ ናቸው። አንድ የሐይቅ ዳርቻ በየ1000 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ነው እንበል። በዓይን ሲያዩት ፍጹም ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሐይቁ ውኃ በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለትም በአንድ ጭብጥ ቁመት ያህል ከፍ ቢል የውኃው ጠርዝ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል ደግሞ 500 ሜትር ይጓዛል። ሐይቁ መካከል ላለ ዓሣ አጥማጅ ይህ ለውጥ ምንም ላይመስለው ይችላል። ዳር ላይ ለቆመችው ወፍ ግን ትናንት የበላችበት ቦታ ዛሬ የለም።

«ታዲያ ጠርዙ ከተጓዘ ወፏም አብራው ብትጓዝስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትጓዛለችም። ነገር ግን አዲሱ ጠርዝ የቀድሞው ዓይነት ጠርዝ አይደለም። ውኃው የደረሰበት መሬት ትናንት ሣር፣ ቁጥቋጦ ወይም የታረሰ ማሳ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመሬት የወጡ ትላትሎችና ነፍሳት ስለሚገኙ አንዳንድ ወፎች በጎርፍ በራሰው ሣር ላይ ጥሩ ምግብ ያገኛሉ። ይህ የዝናቡ በረከት ነው። ነገር ግን ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ትናንሾቹ ወፎች ጠላታቸውን አርቀው ማየት አይችሉም፤ ስለዚህ አይገቡበትም። የጭቃው ነፍሳትም በአንድ ጀምበር አይፈጠሩም። ነፍሳቱ እንቁላል መጣል፣ እጮቹም ማደግ አለባቸው፤ ይህም ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ የድሮውን ማዕድ ወዲያው ያነሳል፣ አዲሱን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀርበው።

እዚህ ላይ የአላህን ጥበብ ልብ ማለት ይገባናል። በአገራችን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። የዝዋይ ሐይቅን ብንወስድ ከመቂና ከከታር ወንዞች የሚመጣው ውኃ ሐይቁን የሚሞላው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ከዚያ ዝናቡ ያቆማል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ውኃውም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይሸሻል። ሲሸሽ ከሥሩ በክረምቱ ውኃ የራሰ፣ ነፍሳት የተራቡበት አዲስ ጭቃ ብቅ ይላል። ዛሬ አንድ ክንድ፣ ነገ ሌላ ክንድ እያለ እስከ ሚያዝያ ይቀጥላል። እንግዶቹም የሚደርሱትና የሚቆዩት በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ቀን ተዘርግፎ ከሚያልቅ ድግስ ይልቅ ቀስ በቀስ የሚገለጥ ማዕድ ተዘጋጅቶላቸዋል። የሚሸሸውን ውኃ ያመጣው ግን የክረምቱ ዝናብ ነው። ክረምቱ ካልዘነበ የበጋው ማዕድ የለም። ስለዚህ ዝናብ ለእነዚህ ወፎች ጠላት ነው ማለት ፈጽሞ አይቻልም። ጥያቄው የልክና የወቅት ጥያቄ ነው።

ልኩ ሲያልፍ የሚደርሰውን ለማየት ጎረቤታችን ኬንያን እንመልከት። የናኩሩ ሐይቅ እንደ እኛዎቹ ሻላና አቢያታ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፣ ውኃው ጨዋማ የሆነ ሐይቅ ነው። በዓለም የታወቀው ዳርቻውን ሮዝ በሚያለብሱት ፍላሚንጎዎች ነው። ፍላሚንጎ ዛሬ ከምንነጋገርባቸው ትናንሽ ወፎች ወገን ባይሆንም እርሱም ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚመገብ ነው። ትንሹ የፍላሚንጎ ዓይነት የሚበላው በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ አልጌ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ የናኩሩ ውኃ ከፍ እያለ መጣ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ በመሞቁ በምሥራቅ አፍሪካ ያልተለመደ ከባድ ዝናብ ጣለ። ቀድሞ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ በርና ቢሮዎች በውኃ ተዋጡ፤ በዳርቻው የነበሩ ዛፎች ቆመው ደረቁ፤ በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ጨዋማው ውኃ በጣፋጩ የዝናብ ውኃ ቀጠነ። ውኃው ሲቀጥን ያ አልጌ አነሰ፣ ፍላሚንጎዎቹም እንደ ቦጎሪያ ወደ መሳሰሉት ሌሎች ሐይቆች ሄዱ። ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ሲሰምጥ በዚያ ይመገቡ የነበሩት ትናንሽ ወፎችም ቦታቸውን ነው ያጡት። ሐይቁ በግማሽና ከዚያ በላይ ሰፋ፤ የወፎቹ ማዕድ ግን ጠበበ። ለሌሎች ዓሣ በል ወፎች ደግሞ በተቃራኒው ምቹ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የዝናብ ሥራ እንዲህ ነው፤ ቦታን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል።

ሌላው ከባድ ዝናብ የሚያደርሰው ጉዳት በጎጆ ላይ ነው። የአገራችን ነዋሪ የሆኑት የውኃ ዳር ወፎች ዛፍ ላይ አይደለም ጎጆ የሚሠሩት። በባዶ መሬት ላይ፣ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው፣ መሬቱን በደረታቸው አጎድጉደው ይፈለፍላሉ። እንቁላሎቹ የጠጠር መልክ ስላላቸው በቀላሉ አይታዩም። ኪትሊትዝ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ ከጎጆዋ ስትነሳ እንቁላሎቿን በእግሯ አሸዋ እየገፋች ትሸፍናቸዋለች። ረጃጅም እግር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ደግሞ ውኃ ከፍ ሲል ጭራሮና ጭቃ እየጨመሩ ጎጆአቸውን ከፍ ለማድረግ ሲጥሩ ይታያሉ። ሆኖም ያለ ወቅቱ የመጣ ከባድ ዝናብ በአንድ ሌሊት ከአቅማቸው በላይ ይሆናል። የሳምንታት ድካም በጎርፍ ይወሰዳል። አብዛኛውን ጊዜ ተስፋ ቆርጠው አይቀሩም፤ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ካገኙ እንደገና ይጀምራሉ። «ካገኙ» የምትለዋን ቃል ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ወፎች ቦታ ሲለወጥባቸው ምን ያህል ርቀው እንደሚፈልጉ የሚያሳይ አንድ አስደናቂ ነገር ከአውስትራሊያ እንጨምር። በዚያ አገር በረሃ ውስጥ ለዓመታት ደርቀው የሚቆዩ ጨዋማ ሐይቆች አሉ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ይሞላሉ፣ በደረቀው ጨው ውስጥ ለዓመታት የቆዩ የትናንሽ ውኃ ነፍሳት እንቁላሎችም ይፈለፈላሉ። በባሕሩ ዳርቻ የሚኖሩ ባንድድ ስቲልት የሚባሉ ወፎች ይህን በሆነ መንገድ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በሳተላይት መከታተያ እንዳረጋገጠው፣ ዝናቡ በጣለ በቀናት ውስጥ ከ1000 እስከ 2000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በርረው ወደ ሞሉት ሐይቆች ይደርሳሉ፤ እዚያም ይፈለፍላሉ። ውኃው ሲደርቅ ይመለሳሉ።

አድማጮቻችን፣ ስለ ወፎች ተወኩል የሚያወሳውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ወፍ ሪዝቋን ፍለጋ ትወጣለች እንጂ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አትጠብቅም። አንዱ ሐይቅ በዝናብ ሲጥለቀለቅ ወደ ሌላው፣ እርሱም ሲደርቅ ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች። ከጥንት ጀምሮ በዝናብ መብዛትና ማነስ መካከል የኖረችው በዚህ ዘዴ ነው። ለእርሷ ሐይቆቹ እንደ አንድ ቤት ክፍሎች ናቸው። አንዱ ክፍል ውኃ ሲገባበት ወደ ሌላው ትሻገራለች። ነገር ግን የሌሎቹን ክፍሎች በር እኛ ዘግተንባት ከሆነስ? አሁን ያቺ «ካገኙ» ያልናት ቃል ትመጣለች።

በመጀመሪያ ሐረማያን እናስታውስ። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሐረር ከተማ ለአስርት ዓመታት የምትጠጣውን ውኃ የምትስበው ከዚህ ሐይቅ ነበር። የውኃ ወፎችም በብዛት ይታዩበት ነበር። ጫትና አትክልት ለማጠጣት በየአቅጣጫው ሞተር ተተከለ፤ ከተሞችና ድርጅቶች ከእርሱ ሳቡ፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች በየክረምቱ የሚወርደው አፈር ደግሞ ወለሉን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ወለሉ ማሳና ግጦሽ ሆነ፤ በወለሉም ላይ ጉድጓድ እየተቆፈረ የከርሰ ምድር ውኃ ይሳብ ጀመር። በእነዚያ ዓመታት ዝናብ አልዘነበም ማለት አይደለም። ዘንቧል። ነገር ግን የዘነበውን የሚይዝ አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ፣ ባለፉት ዓመታት ሐረማያ ውኃው ተመልሷል። ጥሩ ዝናብ መጣሉና በዙሪያው ኮረብታዎች ላይ እርከንና ችግኝ መሠራቱ ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይነገራል። ይህ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ዝናብ የሚሠራው ሥራ የሚወሰነው በሚያርፍበት መሬት ነው። በተራቆተ ኮረብታ ላይ ሲያርፍ ጎርፍና ደለል ይሆናል፤ ሣርና ዛፍ ባለበት ሲያርፍ ምንጭና ሐይቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሐይቅ ሲመለስ ከነዳርቻው ነው የሚመለሰው። ሰው እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ አርሶ፣ ሞተሩን ከጠርዙ ላይ ተክሎ ከቀጠለ ውኃ ይኖራል እንጂ የወፎቹ ጭቃ አይኖርም። በሚቀጥለው ድርቅ ደግሞ ውኃውም ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ አቢያታ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ የሚገባው ወደ አቢያታ ነው፤ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ውኃ ይደርሰዋል። በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ እየበዛ በመምጣቱ፣ ከሐይቁም ራሱ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ በመሳቡ፣ አቢያታ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ጨዋማነቱ በመጨመሩ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ በአቢያታ ዓሣ ያድኑ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። ዝናብ በአርሲ ተራሮች ላይ ሲጥል የአቢያታም ድርሻ አብሮ ነበር የሚወርደው። ድርሻውን መንገድ ላይ የወሰድነው እኛ ነን።

በእነዚህ ላይ እምቦጭን እንጨምርበት። በጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ ይፋ የሆነው ይህ አረም በዝዋይና በቆቃም አለ። ከማሳ በጎርፍ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ይመግበዋል፤ ከባድ ዝናብና ነፋስ እየነቀለ ከዳር ዳር ያዳርሰዋል። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀራል። ከላይ አረንጓዴና ለምለም ይመስላል፤ ለመንቁር ግን የተዘጋ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። «ሰው እየተራበ፣ ልጆች እየተቸገሩ፣ ስለ ወፍ ጭቃ ትነግሩናላችሁ ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የድሃ አባት ጥያቄ ስለሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ የዘራው ሰው ልጆቹን ለማብላት ነው የዘራው። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ብናየው የወፏና የእኛ ጉዳይ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። ረግረጉ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ የሚለቅ ጎተራ ነው። ለወፏ ጭቃ የሚሆነው ያው ውኃ ለእኛ ጉድጓድ ነው። ረግረጉን አጠፍን ማለት ጎርፉ በቀጥታ ቤታችን ይገባል፣ በበጋ ደግሞ ጉድጓዳችን ይደርቃል ማለት ነው። ሐረማያ ሲደርቅ ወፎቹ ሄዱ፤ የሐረር እናቶች ግን ጀሪካን ይዘው ተሰለፉ። ወፏ ክንፍ አላት፣ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። እኛስ?

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ወፏ ምልክት መሆኗን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሐይቅ ዳር ሄደን ጭቃው ላይ ትናንሽ ወፎች ሲሯሯጡ ካየን ክረምቱ በልኩ ዘንቧል፣ ሐይቁም በልኩ እየሸሸ ነው ማለት ነው። በየዓመቱ ይመጡ የነበሩት ከቀሩ ግን ምን እንዳስቀራቸው ልንጠይቅ ይገባል። ዝናቡ በዝቶ ነው ወይስ ማረፊያው ጠፍቶ? ዝናቡ ከሆነ ውኃው ሲሸሽ ይመለሳሉ። ማረፊያው ከሆነ ግን የዝናብ መምጣትና መሄድ አይመልሳቸውም።

እንግዲህ እንደ ሙስሊም ቤተሰብ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ጥቂት ነገሮችን እናንሳ።

አንደኛ፣ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ረግረግ ዳር መሬት ያለን ሰዎች እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ አንረስ። ውኃው በክረምት የሚደርስበትን ቦታ ለውኃው እንተውለት። ሣር የበቀለበት ዳርቻ አፈሩን ያጣራል፣ ለከብትም በጋ ላይ ግጦሽ ይሆናል። በጎርፍ ዓመት ደግሞ ማሳችንን ከመጥለቅለቅ ያድናል።

ሁለተኛ፣ በመስኖ ውኃ ኢስራፍ አናድርግ። ሞተር ስላለንና ነዳጅ ስለገዛን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ መሳብ መብታችን አይደለም። ውኃው የታችኛው ጎረቤታችንም፣ የወፏም፣ ገና ያልተወለዱት ልጆቻችንም ሐቅ አለበት። አማና ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን እናስተምር። ሐይቅ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች በመሬት ላይ ያገኙትን እንቁላል ማንሳት፣ በወፎቹም ላይ ድንጋይ መወርወር እንደ ጨዋታ ሊያዩት ይችላሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን እናት ወፍ ባዩ ጊዜ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ማታ ማታ እንንገራቸው። አንድ ልጅ ጎጆ ያለበትን ቦታ ከብቶቹ እንዳይረግጡት ቢያዞራቸው ሥራው ትንሽ አይደለም።

አራተኛ፣ በየመንደራችን እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተከል፣ እምቦጭ ሲነቀል ከመስጂዳችን ጀማዓ ጋር ወጥተን እንሳተፍ። ኮረብታው ላይ የተተከለ አንድ ዛፍ አፈሩን በመያዝ ታች ያለውን ረግረግ ከደለል ይጠብቃል። የወንድማችን እጅ ከእኛ ጋር ሲጨመር ደግሞ ሥራው ይቀላል። ይህ ሥራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤታችን በጋራ የሚሠራው ነው፤ ዝናቡም ሐይቁም የሁላችን ነውና።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዝናቡ መጠን በእጃችን አይደለም። ሲበዛ ማሳነስ፣ ሲያንስ ማብዛት አንችልም፤ ለዚህ ወደ አላህ ዱዓ እናደርጋለን። በእጃችን ያለው ዝናቡ የሚያርፍበትን መሬት መጠበቅ ነው። ያንን በደንብ ከጠበቅን የዝናቡ መብዛት ለወፏ የጥቂት ሳምንታት ችግር ብቻ ይሆናል። አንዱ ዳርቻ ሲሰምጥ በሌላው ታርፋለች፣ ውኃው ሲሸሽም ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች። ካልጠበቅን ግን ከኖርዌይና ከሩሲያ ጫፍ 6000 ኪሎ ሜትር በርራ የመጣች እንግዳ በደጃችን ማረፊያ ታጣለች። እንግዳ ማክበር ደግሞ ከእምነታችንም ከባህላችንም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ዝናባችንን የራህመት ዝናብ ያድርግልን። ጎርፍ ላፈናቀላቸው ወገኖቻችን መጠለያ ይስጣቸው። የአደራውን ውኃና መሬት በሚገባ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።